ሾርት ሴል፦ ባንኩን እሺ የሚያሰኘው ወረቀቱ ነው

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች አሜሪካ ውስጥ በቤት ሽያጭ ወኪልነት ከሚሠሩ አንባብያን የደረሱን ናቸው። ጉዳያቸው ሾርት ሴል ነው። ቤቱ የሚያወጣው ዋጋ የሞርጌጁን (የቤት መግዣ ብድሩን) ዕዳ ሳይሸፍን ሲቀር፣ ባንኩ ጎደሎውን ተቀብሎ መያዣውን እንዲለቅ አስማምቶ መሸጥ ማለት ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን፣ የጠያቂዎቹን ስም በፊደል ብቻ ጠቅሰናል።

ጥያቄ፦ ከሻጭም ከገዢም ጋር መነጋገር አይከብደኝም። አሁን ግን የመጀመሪያዋ የሾርት ሴል ደንበኛዬ መጥታለች። ባንኩ ጋ በደወልኩ ቁጥር ሌላ ሰው ያነሳል፤ ሁሉም «እኔ አልወስንም» ይለኛል። የምደራደረው ከማን ጋር ነው? (ሰ. መ.፣ አትላንታ)

መልስ፦ «አልወስንም» የሚሉዎት እውነታቸውን ነው። ስልኩን የሚያነሳው አብዛኛውን ጊዜ ሰርቪሰሩ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያ ይሰበስባል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ፋይል ያዘጋጃል። ገንዘቡ ግን የሌላ ነው፤ የፋኒ ሜይ፣ የፍሬዲ ማክ (ሁለቱም የቤት ብድሮችን ከባንኮች የሚገዙ ድርጅቶች ናቸው) ወይም የግል ባለሀብቶች ሊሆን ይችላል። ብድሩ ኤፍኤችኤ (የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር) ከሆነ መድን የሰጠው፣ ቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች ብድር) ከሆነ ደግሞ ዋስ የሆነው መንግሥት ነው። ቤቱ ሲገዛ ቅድሚያ ክፍያው ከ20 በመቶ በታች ከነበረ የግል የሞርጌጅ መድን ኩባንያም ከበስተጀርባ ሊኖር ይችላል። የኪሳራው ተካፋይ ስለሆነ፣ እሱ ካልፈቀደ ነገሩ ባለበት ይቆማል።

ስለዚህ የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ችሎታ መጠየቅ ነው። ደንበኛዎ የፈረመችው፣ በእሷ ስም እንዲነጋገሩ የሚፈቅደው ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡና እነዚህን ይጠይቁ፦ የብድሩ ባለቤት ማን ነው? የሞርጌጅ መድን አለበት? ሰርቪሰሩ ራሱ የመፍቀድ ሥልጣን ተሰጥቶታል ወይስ ለባለቤቱ ይልካል? የሐራጅ ቀን ተቆርጧል? ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ ብድሩ የእነሱ መሆን አለመሆኑ የሚጣራበት ገጽ በየድረ ገጻቸው ላይ ስላላቸው ደንበኛዎ ራሷ ገብታ ልታይ ትችላለች።

መልሱ የድርድሩን ደንብ ይቀይረዋል። ኤፍኤችኤ የሚያየው ሁሉም ወጪ ተቀንሶ የሚተርፈው ገንዘብ ከቤቱ ግምት ስንት በመቶ እንደሚሆን ነው። ለዓመታት የተሠራበት መለኪያ በመጀመሪያዎቹ 30 የገበያ ቀናት 88 በመቶ፣ በቀጣዮቹ 30 ቀናት 86፣ ከዚያ በኋላ 84 በመቶ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የማያልፍ 85 በመቶ በአሥረኛው ሳምንት ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ደንቦቹ ስለሚሻሻሉ ግን ኦፈር (ገዢው ያቀረበውን ዋጋ) ከመላክዎ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ቁጥር ከሰርቪሰሩ በጽሑፍ ይቀበሉ።

የመነጋገር ችሎታዎ በደንብ የሚያስፈልገው ከቤቱ ባለቤት፣ ከደንበኛዎ ጋር ነው። ዕዳ የከበደው ሰው ፖስታ መክፈት ያቆማል። በመጀመሪያው ቀን ያሏትን ፖስታዎች በሙሉ፣ ያልተከፈቱትንም፣ ጠረጴዛው ላይ አውጡና አብራችሁ በቀን ቅደም ተከተል ደርድሩ። የሐራጁ ማስታወቂያ፣ በዚያው ቤት መያዣነት የተወሰደ የሁለተኛ ብድር ጥያቄና የኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ውዝፍ ብዙ ጊዜ የሚገኙት እዚያ ውስጥ ነው። አንዱ ተደብቆ ቢቆይ ክሎዚንግ (ሽያጩ ተፈርሞ የሚጠናቀቅበት ቀን) ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ የባለቤትነት መዝገቡን የሚመረምረው ታይትል ኩባንያ ያወጣዋል፤ ያን ጊዜ ፈቃዱ ከእንደገና ይጀመራል።

ጥያቄ፦ ፋይሉን 3 ጊዜ ላክሁ፤ 3 ጊዜም «ያልተሟላ» ተብሎ ተመለሰ። የጠየቁኝ ሰነድ በሙሉ ውስጡ አለ። ምን እየሆነ ነው? (ቤ. ተ.፣ ዴንቨር)

መልስ፦ ሰነዱ መኖሩና መሟላቱ ይለያያል። የተለመደው ፋይል የችግር መግለጫ ደብዳቤ፣ የባንኩ የገቢና ወጪ ቅጽ፣ ያለፉት 2 ወራት የባንክ ስቴትመንት፣ 30 ተከታታይ ቀናትን የሚሸፍን የደመወዝ ወረቀት፣ የ2 ዓመት የታክስ ሰነድ፣ ቅጽ 4506-ሲ (ባንኩ የታክስ መዝገቡን ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ከአይአርኤስ እንዲያገኝ የሚፈቅድ)፣ የሽያጭ ውክልና ውል፣ የተፈረመ የግዢ ውል፣ የገዢው ገንዘብ ማረጋገጫ ወይም የብድር ቅድመ ፈቃድ፣ በታይትል ኩባንያ የተዘጋጀ የክሎዚንግ ሒሳብ ግምት ይይዛል።

የሚወድቀው እንዲህ ነው። ስቴትመንቱ «ገጽ 1 ከ6» ይላል፤ ስድስተኛው ገጽ ባዶ ስለሆነ ሳይላክ ይቀራል። እዚያ ላይ ተመላሽ ነው። ባዶውም ገጽ ይላክ። የታክስ ሰነዱ በኮምፒውተር ስለተሞላ ፊርማ የለውም። ብድሩ ላይ ባልና ሚስት ተፈራርመው ሲያበቁ ማመልከቻው ላይ ያለው የአንዳቸው ፊርማ ብቻ ነው፤ ቢፋቱም ባንኩ ሁለቱንም ይፈልጋል። በ4506-ሲ ላይ የተጻፈው አድራሻ ከታክሱ ጋር አይገጥምም። ሒሳቡ ውስጥ 3,000 ዶላር ገብቷል፣ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ መስመር የለም። በስልክ የተነሳ ፎቶ ጥላ ወድቆበት አይነበብም። እያንዳንዱን ሰነድ ለብቻው ፒዲኤፍ አድርገው፣ በየገጹ አናት ላይ የብድሩን ቁጥር ይጻፉበት።

ከሁሉም በላይ ሰነዶቹ እርስ በርሳቸው መስማማት አለባቸው። የችግር መግለጫው ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ ቀንና ቁጥር ይያዝ፦ «ከመጋቢት ጀምሮ የሥራ ሰዓቴ በሳምንት ከ40 ወደ 22 ወረደ። ወርሃዊ ገቢዬ ከ4,600 ዶላር ወደ 2,530 ሆነ። የሞርጌጅ ክፍያዬ 2,380 ነው። ቁጠባዬን እስከ ሐምሌ ጨርሻለሁ።» ይህ ከሁለት ገጽ ልመና ይበልጣል። ግን የደመወዝ ወረቀቱ ላይ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከታየ ደብዳቤው ራሱ ያስጥላል። እውነት ያልሆነ ቁጥር የጻፈ ደግሞ በማጭበርበር ይጠየቃል፤ ያስጻፈውም ወኪል አብሮ።

ከላኩ በኋላ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ደውለው መግባቱን ያረጋግጡ፣ ከዚያም በሳምንት አንድ ጊዜ ይደውሉ። በእያንዳንዱ ጥሪ የሰውየውን ስም፣ የመለያ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የተባለውን ይመዝግቡ። ድርድሩ ላይ ይህ መዝገብ ምስክርዎ ነው። የደመወዝ ወረቀትና ስቴትመንት ቶሎ ስለሚያረጁም፣ ሳይጠየቁ በየወሩ አዲሱን ይላኩ።

ጥያቄ፦ ገዢዬ 310,000 ዶላር አቀረበ። የባንኩ ገማች ቤቱን 345,000 አለው። ጣሪያው የሚያፈስ፣ ኩሽናው የድሮ ቤት ነው። ባንኩን እንዴት ላሳምን? (ሄ. ወ.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ይህኛው የሥራው ልብ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን።

ባንኩ የሚልከው ግምት ብዙ ጊዜ ቢፒኦ ነው፤ ሌላ ወኪል ወይም ብሮከር የሚሰጠው የዋጋ አስተያየት። ተከራክሮ ከመቀልበስ አስቀድሞ መገኘት ይቀላል። የቤቱ ቁልፍ በእርስዎ በኩል ብቻ እንዲገኝ ያድርጉ፤ ገማቹ ሲመጣ ውስጥ ገብቶ እንዲያይ፣ ከመንገድ ፎቶ አንስቶ እንዳይሄድ። ሲገናኙ ትንሽ ጥቅል ይስጡት፦ ባለፉት 90 ቀናት በአቅራቢያው የተሸጡ 3 ተመሳሳይ ቤቶች፣ አሁን ገበያ ላይ ያሉት፣ ከ2 ኮንትራክተሮች የተጻፈ የጥገና ዋጋ፣ ጣሪያው ያፈሰሰበትን ቦታ የሚያሳይ ፎቶ፣ እንዲሁም የኤምኤልኤስ (ወኪሎች የሚሸጡ ቤቶችን የሚያወጡበት የጋራ መዝገብ) ታሪኩ ማለትም ስንት ቀን እንደቆየ፣ ዋጋው መቼና ስንት እንደወረደ፣ ስንት ሰው አይቶት ስንቱ ኦፈር እንዳቀረበ። «ይህን ቁጥር ጻፍልኝ» አይበሉት። ማስረጃ መስጠት ተገቢ ነው፤ ቁጥር ማስጻፍ ግን ፈቃድ ያስነጥቃል።

አሁን ግምቱ ስለተሰጠ ሪፖርቱን ወይም ቢያንስ የተነጻጸሩትን ቤቶች ዝርዝር ይጠይቁ። ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ የታደሰ ቤት ካልታደሰ ጋር ተነጻጽሯል፤ ቤዝመንቱ ከላይኛው ስፋት ጋር ተደምሯል፤ ወይም ትልቅ መንገድ ማዶ ያለ፣ ሌላ የትምህርት ቤት ክልል ውስጥ የወደቀ ቤት ገብቷል። መቃወሚያዎ አንድ ገጽ ይሁን። ለእያንዳንዱ ቤት «ኩሽናው በቅርቡ ታድሷል፣ ጣሪያው አዲስ ነው፣ ልዩነቱ ይህን ያህል ዶላር» ብለው በቁጥር ይጻፉና ሁለተኛ ግምት ይጠይቁ። የመጀመሪያው ግምት 4 ወር አልፎት ከሆነ ማርጀቱ ብቻውን ምክንያት ይሆናል።

ቀጥሎ የባንኩን ሒሳብ ራስዎ ይሥሩለት። ባንኩ ግድ የሚለው እጁ የሚገባው የተጣራ ገንዘብ እንጂ የመሸጫ ዋጋው አይደለም። ለምሳሌ ያህል፦ ከ310,000 ላይ 5 በመቶ ኮሚሽን 15,500፣ የታይትልና የዝውውር ወጪ 3,200፣ ውዝፍ የንብረት ግብር 2,300፣ ኤችኦኤ 1,400፣ ለሁለተኛው አበዳሪ 6,000 ሲቀነስ 281,600 ይተርፋል። ከ345,000 አንጻር 82 በመቶ ገደማ ነው፤ ከላይ እንዳየነው የኤፍኤችኤ ባለ መለኪያ አይፈቀድም። ግምቱ ታርሞ 322,000 ቢሆን ግን ያው ገንዘብ ከ87 በመቶ በላይ ይሆናል። ክርክሩ ግምቱ ላይ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ከጎኑ የሐራጁን መንገድ ያስቀምጡ። ባንኩ ቤቱን ወርሶ ከ8 ወር በኋላ በ290,000 ቢሸጠው፣ የጠበቃ 5,000፣ የግብርና የኢንሹራንስ 6,400፣ የጥገና 18,000፣ የኮሚሽን 14,500 ወጥቶ 246,100 ይቀረዋል። ልዩነቱ 35,500 ዶላር ነው። ቁጥሮቹን ከአካባቢዎ ገበያ ይውሰዱ፤ ያልተደገፈ ቁጥር አንድ ቢገኝ ሌላው ሁሉ ይጠረጠራል።

አንድ ነገር እናክል። ከኦገስት 17 ቀን 2024 ወዲህ የገዢው ወኪል ክፍያ በኤምኤልኤስ ላይ አይቀርብም። ስለዚህ ሻጩ በኩል እንዲከፈል የታሰበ ከሆነ ገና ከመጀመሪያው ውሉና የክሎዚንግ ግምቱ ላይ ይግባ። ፈቃዱ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ወጪ የተጣራውን ገንዘብ ስለሚቀንስ ፋይሉን ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ባንክ ለሁለተኛው አበዳሪ 6,000 ዶላር ፈቀደ። ሁለተኛው ዕዳው 48,000 ስለሆነ 9,000 ካልሆነ አልለቅም አለ። ገዢው ልዩነቱን በእጅ ልስጥ ይላል። (ዳ. ግ.፣ ላስ ቬጋስ)

መልስ፦ በእጅ እንዳይሰጥ። ከክሎዚንግ ውጭ የሚያልፍ ማንኛውም ክፍያ የሞርጌጅ ማጭበርበር ነው። ሁሉም ወገን የሚፈርመው፣ የተደበቀ ስምምነት የለም የሚለው ቃለ መሐላም ይህንኑ ይከለክላል። የፋኒ ሜይና የፍሬዲ ማክ ደንቦች ለታችኞቹ (ከመጀመሪያው ቀጥለው ለሚመጡት) አበዳሪዎች ሁሉ በድምሩ 6,000 ዶላር ጣሪያ ሲያስቀምጡ ቆይተዋልና የእርስዎ 6,000 ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከሆነ የመጀመሪያውን ባንክ ጨምር ማለት ጊዜ ማባከን ነው።

ሁለተኛውን አበዳሪ ያናግሩ። ቤቱ ለሐራጅ ቢወጣ፣ የመጀመሪያው ራሱ ሙሉ ስለማይከፈለው፣ ሁለተኛው ከሽያጩ ምንም አያገኝም። የታይትል ሪፖርቱን፣ የመጀመሪያውን ዕዳ መጠንና ግምቱን አያይዘው ይህንኑ በጽሑፍ ያሳዩት። ዕዳውን ለሰብሳቢ ድርጅት ሸጦት እንደሆነም ያጣሩ፤ ሌላ ሰው ይዞት ከሆነ ላልባለቤቱ እየተደራደሩ ነው። ልዩነቱን ገዢው ይሸፍን ከተባለ ክፍያው በክሎዚንግ ሰነዱ ላይ ተጽፎ፣ የመጀመሪያው ባንክና የብድሩ ባለቤት በጽሑፍ ፈቅደውት መሆን አለበት። አንዳንዱ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ አይፈቅድም።

የአይአርኤስ የታክስ መያዣ ያለበት ቤት ደግሞ የተለየ ጉዳይ ነው። መያዣው ከቤቱ ላይ እንዲነሳ በቅጽ 14135 የሚጠየቀው ከክሎዚንጉ ቢያንስ 45 ቀን በፊት ነው። ፋይሉ በተከፈተ ሳምንት ይጀምሩት።

ጥያቄ፦ ሐራጁ 19 ቀን ቀርቶታል። የባንኩ ሰው በስልክ «ይራዘማል፣ አትጨነቁ» አለ። ልመነው? (አ. በ.፣ ሂውስተን)

መልስ፦ አይመኑት። በፌዴራል ደንብ፣ ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ሆኖ የተሟላ ማመልከቻ ከሐራጁ ከ37 ቀን በላይ ቀደም ብሎ ከገባ ሰርቪሰሩ በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ መልስ መስጠት አለበት፤ እስከዚያም ሐራጁን ማካሄድ አይችልም። በ19 ቀን ያ ጥበቃ አልፏል። ከዚህ በኋላ ማራዘም በባንኩ ፈቃድ ነው።

ፈቃዱን ለማግኘት ዛሬውኑ በአንድ ጥቅል ይላኩ፦ የተፈረመ የግዢ ውል፣ የገዢው ገንዘብ ማረጋገጫ፣ የተጣራ ገንዘብ ሒሳብ፣ የክሎዚንግ ቀን። ጥያቄዎም ቁርጥ ያለ ይሁን፦ «እስከዚህ ቀን ድረስ ይራዘም»። ቴክሳስ ውስጥ ሐራጁ የሚካሄደው በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ስለሆነ፣ ማራዘም ማለት በተግባር ቢያንስ እስከ ሚቀጥለው ወር መሻገር ነው። ተራዘመ ከተባለም ሐራጁን ወደሚያስፈጽመው ትረስቲ ወይም ጠበቃ ደውለው ያረጋግጡ። የሰርቪሰሩ አንዱ ክፍል አራዝሞ ሌላው ሳይሰማ ቤቱ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ባለቤቱ ኪሳራ ማወጅን ካነሳ ጠበቃ ጋ ይላኩት፤ በዚህ ላይ ወኪል ምክር አይስጥ።

ጥያቄ፦ ገዢዎች 2 ወር ጠብቀው ጥለው ይሄዳሉ። (ማ. ኃ.፣ ሲያትል)

መልስ፦ ሲገቡ ያልተነገራቸው ነገር ስላለ ነው። የሾርት ሴል ተጨማሪ ውሉ ላይ ሽያጩ በባንኩ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ መሆኑ፣ ገዢው የሚጠብቅበት የመጨረሻ ቀን፣ ቅድሚያ ማስያዣው መቼ እንደሚገባ፣ ቤቱ ባለበት ሁኔታ እንደሚሸጥ ይጻፍ። የቤት ምርመራው ፋይሉ ከመላኩ በፊት ቢደረግ እንመርጣለን፤ ከፈቃድ በኋላ የሚመጣ የጥገና ጥያቄ ባንኩ ዘንድ ብዙም ሰሚ የለውም። በየሳምንቱ፣ አዲስ ነገር ባይኖርም፣ ለገዢው ወኪል ሁለት መስመር ይጻፉ። ሊያተርፍ ለሚገዛም አስቀድመው ይንገሩት፦ የፋኒ ሜይ ደንብ ገዢው ቤቱን በ30 ቀን ውስጥ መልሶ እንዳይሸጥ፣ ከ31 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜም ከገዛበት ዋጋ ከ120 በመቶ በላይ እንዳይሸጥ ይከለክላል።

ጥያቄ፦ ለድርድሩ ከባለቤቱ ለብቻው ክፍያ ልቀበል እችላለሁ? (ተ. አ.፣ ሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ በቅድሚያ ፈጽሞ አይቀበሉ። የፌዴራሉ የሞርጌጅ ዕርዳታ አገልግሎት ደንብ ውጤት ሳይገኝ ገንዘብ መቀበልን ይከለክላል። ኤፍቲሲ (የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን) በ2011 ሾርት ሴል የሚሠሩ ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች ላይ ደንቡን በአብዛኛው እንደማያስፈጽም ቢያስታውቅም፣ ሥልጣኑ በዚያው ዓመት ወደ ሲኤፍፒቢ (የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ) ተላልፏል፤ የየክፍለ ግዛቱ ሕግም አለ። ሥራዎ የሚከፈለው በክሎዚንግ ሰነዱ ላይ በተጻፈው ኮሚሽን ይሁን። ሌላ ተደራዳሪ ከቀጠሩ ክፍለ ግዛትዎ ምን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ይወቁ።

ጥያቄ፦ የፈቃዱ ደብዳቤ መጣ። ደንበኛዬ «ከዚህ በኋላ ይከሱኛል?» ትለኛለች። ምን ልበላት? (ፍ. ዘ.፣ ሎስ አንጀለስ)

መልስ፦ ደብዳቤውን በእስክሪብቶ እያሰመሩ ያንብቡት። የሚፈልጉት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው፦ መያዣውን መልቀቅ፣ ቀሪውን ዕዳ መተው። «መያዣውን እንለቃለን» ብቻ ካለ ቤቱ ነጻ ይወጣል፣ ዕዳው ግን ሻጩ ላይ ሊቀር ይችላል። «ቀሪው ዕዳ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል፣ አይጠየቅም» የሚል ቃል ከሌለ ሳይፈርሙ መልሰው ይጠይቁ። «መብታችን የተጠበቀ ነው» የሚል ሐረግም ይፈልጉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የእርስዎ ደንበኛ ሕግ አላት፦ ከሐምሌ 2011 ጀምሮ ባንኩ በጽሑፍ የፈቀደው፣ እስከ 4 ቤተሰብ የሚይዝ መኖሪያ ሾርት ሴል ላይ ሁለተኛውም ሆነ የመጀመሪያው አበዳሪ ቀሪውን መጠየቅ አይችልም። ብዙ ሌሎች ክፍለ ግዛቶች እንዲህ ያለ ጥበቃ ስለሌላቸው እዚያ ሁሉ ነገር ደብዳቤው ላይ ይወሰናል። ሁለተኛው አበዳሪም የራሱን ደብዳቤ መስጠት አለበት።

ታክሱ የተለየ ነው። የተተወው ዕዳ በቅጽ 1099-ሲ ሪፖርት ሊደረግና ገቢ ሊባል ይችላል። የመኖሪያ ቤት ዕዳ ከገቢ ውጭ የሚያደርገው የፌዴራል ድንጋጌ እስከ 750,000 ዶላር የሚሸፍን ሲሆን፣ የሠራው እስከ 2025 መጨረሻ ለተተወ ዕዳ ወይም ከዚያ በፊት በጽሑፍ ስምምነት ለተያዘ ነው። ያ ባይደርሳትም፣ ዕዳው በተተወበት ጊዜ ጠቅላላ ዕዳዋ ከንብረቷ ይበልጥ ከነበረ በቅጽ 982 በኩል ሌላ መንገድ አለ። የታክስ ባለሙያ ጋ ይላኳት፤ እርስዎ ግን ጉዳዩ መኖሩን ከክሎዚንጉ በፊት ይንገሯት።

እንደገና ቤት የመግዛት ተስፋዋንም ልትጠይቅ ትችላለች። በፋኒ ሜይ ደንብ ከሾርት ሴል በኋላ መጠበቂያው 4 ዓመት ነው፤ ከፎርክሎዠር (ቤቱ በዕዳ በሐራጅ ከተወሰደ) በኋላ 7።

በመጨረሻ የደብዳቤውን የማብቂያ ቀን፣ የገዢውን ስም አጻጻፍ፣ ለባንኩ የሚደርሰውን ዝቅተኛ ገንዘብ ከታይትል ኩባንያው ጋር አስተያዩ። ክሎዚንጉ ከማብቂያው ቀን በአንድ ቀን ቢያልፍ ባንኩ ገንዘቡን ሊመልስ ይችላል። መዘግየት ከታየዎት ማራዘሚያውን ቀኑ ከማለቁ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አዲሱ ደብዳቤ ሲመጣም ቀሪውን ዕዳ የመተው ቃሉ ከመጀመሪያው ሳይቀነስ መገልበጡን ደግመው ያረጋግጡ።